የትኛው ፕሮቲን?

ሐኪም አይደለሁም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ሚዛን ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ገበሬውና ሰብሳቢው ያመጡትን ኬሻ እመዝናለሁ፣ ስንት ፈረሱላ እንደሆነ፣ አንዱን ፈረሱላ በዐሥራ ሰባት ኪሎ ቆጥሬ፣ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ስሜ ማርቆስ ነው። በሥራዬ ትንሽ ነገር አታመልጠኝም፤ ኬሻው ውስጥ ድንጋይ የከተተ ሰው ገና ከበር ሲገባ ፊቱን አይቼ አውቀዋለሁ። ይህን የምላችሁ ለመመጻደቅ አይደለም። እንዲህ ያለሁት ሰው አንዲት ቃል ሳልመዝን ተሸክሜ ቤቴ ገብቼ ለጥቂት ከሞት መትረፌን እንድታውቁልኝ ነው። ቃሏ «ፕሮቲን» ናት። እናንተም ታውቋታላችሁ። እኔም የማውቃት መስሎኝ ነበር።

ሳሉ የጀመረኝ ቡና በሚገባበት ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን መጋዘን ውስጥ የማይስል የለም፤ ኬሻ በተራገፈ ቁጥር ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል፣ አፍንጫችንን በፎጣ ሸፍነን ነው የምንውለው። ስለዚህ ስስል ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ቡናው ተጭኖ አልቆ፣ መጋዘኑ ተጠርጎ ባዶ ሲሆን የሌሎቹ ሳል ቆመ። የእኔ ቀጠለ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅም፣ ጫት አልቅምም፣ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ጠላ እንኳ አልቀመስኩም። የሳንባ ክፉ በሽታ የሚይዘው አጫሹን ብቻ ነው ብዬ ስለማምን ራሴን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አውጥቼ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የገባሁበት ክሊኒክ ጉንፋን ነው ብሎ እንክብል ሰጠኝ። ሁለተኛው «ብሮንካይት» አለኝ፤ ስሙ ትልቅ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሦስተኛው ደረቴን አዳምጦ አስም ነው አለና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘልኝ። እሱም አልሠራ ሲል ራጅ ተነሣሁና ቀኝ ሳንባዬ ላይ ጥላ ታየ። «ቲቢ ነው» ተባልኩ። አክታዬ በተደጋጋሚ ቢመረመርም ጀርሙ አልተገኘም። ካልተገኘ ምኑን ነው የምታክሙኝ ብዬ ብጠይቅ ባለሙያው «ጋሼ፣ በእኛ አካባቢ ሳልና ጥላ አብረው ከመጡ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው» አለኝ። ሰውየው አልዋሸም። እኔ ግን ከአብዛኛዎቹ ውስጥ አልነበርኩም።

የቲቢ መድኃኒት የወሰደ ሰው ያውቀዋል፤ ሽንት እንኳ ብርቱካንማ ይሆናል። ባለቤቴ ራሔል ኩባያዬን ለየችው፣ ልጆቹን ከእኔ ክፍል አወጣቻቸው። ጸሎት ቤት ስቀመጥ አግዳሚው ላይ በግራም በቀኝም ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ባዶ ይቀር ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲጸልዩልኝ እጃቸውን ራሴ ላይ ከመጫን ይልቅ ከሩቅ መዘርጋት ጀመሩ። አልፈረድኩባቸውም። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ቀን ሳላጓድል ጨረስኩ። ሳሉ አልተወኝም፤ አንድ ጠዋት ደግሞ መሐረቤ ላይ ደም አየሁ።

በዚያው ሳምንት መጋዘን ውስጥ ሥራ ቀዝቅዞ ስንቀልድ ወዛደሮቹ «እስቲ አለቃ ዛሬ አንተ ትመዘን» ብለው ጎትተው ሚዛኑ ላይ አቆሙኝ። ድሮ አራት ፈረሱላን በደንብ አልፍ ነበር፤ ይህን ሁላቸውም ያውቁታል፣ በየዓመቱ እንዲህ እንቀልዳለንና። ንባቡን ሲያዩ ሳቃቸው ቆመ። አራት ፈረሱላ አልሞላሁም። ሦስትን ብዙም አላለፍኩም። ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው አልኩና ወርጄ የመፈተሻውን ብረት አስቀመጥኩበት። ሚዛኑ ደህና ነበር።

እዚያው ሚዛን ተፈሪ ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም የድሮውን ራጅና አዲሱን ጎን ለጎን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ ቆየ። «ቲቢ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ መድኃኒት ወስደህ ጥላው ይቀንስ ነበር። ይህ ጨምሯል» አለኝና ወደ ጅማ ላከኝ። ከዚህ ልምዴ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፤ የቲቢ መድኃኒት በትክክል ወስዳችሁ ካልተሻላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ ተመልሳችሁ ሂዱ።

የወጪውን ነገር አልዘረዝርም። የታመመ ያውቀዋል፣ ያልታመመ ቢነግሩት አይገባውም። በቦንጋ በኩል ያለውን መንገድ ግን በዚያ ዓመት ከሹፌሮቹ እኩል አውቄው ነበር፤ ጉም የት እንደሚይዝ፣ መኪናው የት ሲደርስ ተሳፋሪ እንደሚያስታውክ።

ጅማ ተራ ስንጠብቅ ቱም ከምትባል ሩቅ የገጠር ከተማ የመጣች አንዲት እናት ከአጠገቤ ተቀመጠች። አማርኛዋ ጥቂት ነበር። ሳሌ ሲነሣብኝ ሌላው ሰው ቀስ እያለ ሸሸ፤ እሷ ግን ተነሥታ መስኮት ዳር ያለውን ቦታዋን በእጇ መታ መታ አድርጋ «እዚህ፣ ነፋስ» አለችኝ። ከእሷ ጋር ሌላ ወሬ አላወራንም። ከአግዳሚው ሁሉ ሰው ሲሸሸኝ ለከረምኩት ለእኔ ግን ያቺ ወንበር ትልቅ ነገር ነበረች።

ሲቲ ስካን የሚባለውን ትልቁን ምርመራ ተነሣሁ፤ ጥላው ዕጢ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በመርፌ ከዕጢው ላይ ቁራጭ ሥጋ ወሰዱልኝ። ይህኛው አልከበደኝም፤ እኛም ኬሻውን በሹል ብረት ወግተን ከመሃሉ ጭብጥ ቡና እናወጣና በእሷ የኬሻውን ሁሉ ደረጃ እናወጣለን። ናሙናው ለተጨማሪ ምርመራ አዲስ አበባ ስለሚላክ ቤትህ ሄደህ ጠብቅ ተባልኩ። መጠበቅ ከመርፌው ይብሳል።

ውጤቱን ልሰማ የሄድኩት ብቻዬን ነው። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ «ጋሽ ማርቆስ፣ ካንሰር ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተናግራለች። አሁን ሳስበው አንድም ነገር አልደበቀችኝም። እኔ ግን ካንሰር የሚለውን ከሰማሁ በኋላ ጆሮዬ ሥራ አቆመ። የቀረው ሁሉ እየተቆራረጠ ነው የደረሰኝ። ዕጢው ላይ… ፕሮቲን… በብዛት ተገኝቷል… ዕድሜ… ቀዶ ጥገና። ፊቷን አየሁ፤ ለስላሳ ነበር። አዝናልኝ ነው ብዬ ተረጎምኩት። «ገባዎት?» አለችኝ። «አዎ፣ በደንብ» አልኩ። እኛ ዘንድ ሐኪም ሲጠይቅ አልገባኝም ማለት ሐኪሙን መስደብ ይመስለናል። ለደም ምርመራ የምመለስበትን ቀን ነገረችኝ፤ ደሙ ደህና ከሆነ አዲስ አበባ ሄጄ ቀዶ ጥገና እንደሚደረግልኝ ገባኝ። ይህችን እንኳ መያዜ ጥሩ ነው።

ራሔል በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችኝ።

«ምን አሉህ?»

«ካንሰር ነው አሉኝ።»

አልጮኸችም። የበሩን ጉበን ይዛ «ከምን መጣ አሉ?» አለችኝ።

«እሱን እንጃ። ዕጢው ላይ ፕሮቲን በብዛት ተገኝቷል ነው የሚሉት።»

እዚህ ላይ ስለ ራሔል አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ልጆቻችን ሕፃናት ሳሉ የጤና ኤክስቴንሽኗ በየጊዜው ቀበሌያችን እየመጣች ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፋ ታስተምር ነበር። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ባቄላ፣ አተር። እነዚህ ፕሮቲን ይባላሉ፣ ገንቢ ምግብ ናቸው፣ ሰውነት ይገነባሉ። ራሔል የዚያ ትምህርት ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ ሌሎቹን እናቶች የምታስጠና እሷ ነበረች። ስለዚህ ቃሉን ከእኔ አፍ እንደሰማች ወዲያው ገባት። ወይም የገባት መሰላት።

«ገንቢ ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ዕጢውን ገንብቶታላ።»

እኔም ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ልክ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በዓመት በዓሉ የበላሁት ክትፎ፣ ጠዋት ጠዋት የምትጠብስልኝ እንቁላል፣ ሁሉም ሄዶ ዕጢዬን ሲገነባ እንደከረመ ተሰማኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ዕጢውን ልናስርበው ወሰንን።

ሌላ አገር ቢሆን ይህ ስሕተት እንዲህ በቀላሉ የሚሳካ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ ግን ያለ ፕሮቲን መክረም እንደ መተንፈስ ቀላል ነው። ጓሮው ውስጥ ጎደሬና ቦዬ የሚባሉት ሥራ ሥሮች አሉ፣ ቆጮ አለ፣ ሙዝ አለ። ራሔል ጎደሬውን በስንት ዓይነት እንደምትሠራው አትጠይቁኝ። ሽሮ ከቤታችን ወጣች። ወተት ቀረ። ዶሮዎቹን «ቤት ውስጥ እንቁላል ካለ አንድ ቀን ትሰርቃለህ» ብላ ሸዋ ቤንች ለምትኖረው እህቷ ላከቻቸው። እኔ እያየሁ አይበሉም ብላ ልጆቹንም አብራ ከለከለቻቸው። ትንሹ ልጄ ጎደሬ ሲቀርብለት ትክ ብሎ ያየኝ የነበረውን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም፤ የታመመው እኔ ሆኜ የሚቀጣው እሱ ለምን እንደሆነ አልገባውም ነበር።

ታማሚ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። የጸሎት ቤት እህቶች እንቁላል ይዘው መጡ፤ ራሔል በትሕትና መለሰችላቸው። እነሱም በትሕትና ተቀየሙ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ናቸው፣ ወላጆቻቸው ከሰሜን መጥተው ነው እዚህ የሰፈሩት። አንድ ቀን የዶሮ መረቅ በድስት ይዘው ገቡ።

«ይኸውልህ ልጄ፣ ትኩስ ነው፣ ጠጣው።»

ራሔል ከፊቴ ቀድማ ተቀበለቻቸውና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ አይበላም» አለች።

«ለምን አይበላም?»

«የእንስሳት ተዋጽኦ አቁሟል።»

እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን አጥበው አዩን። «ጴንጤ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጾም የያዘው?»

«ጾም አይደለም እትዬ። ባቄላም፣ ሽሮም አይበላም።»

«የእኛ ጾም እንኳ እኮ ሽሮ ይፈቅዳል» አሉና ድስታቸውን ይዘው ወጡ። በር ላይ ደርሰው ዞር ብለው «የእናንተው ከበደ» አሉ። እኔ ሳቅሁ፣ ሳቁም ሳል ሆነ። ራሔል አልሳቀችም።

ሰውነቴ ከቀን ወደ ቀን ወረደ። ልብሴ ከላዬ ተንጠለጠለ፣ ከአልጋ እስከ ደጃፍ ለመሄድ ግድግዳ መያዝ ጀመርኩ፣ ከዚያ እግሮቼ አበጡ፣ ስጫናቸው ጣቴ የገባበት ጎድጉዶ ይቀራል። በሽታው ጠንክሮ ነው አልን። ራሔል ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ «አንተ ስትከሳ እሱም እየከሳ ነው» ትለኝ ነበር። አመንኳት። ሲመሽ በጓዳ በኩል ስትጸልይ እሰማታለሁ። ብድግ ብዬ አይዞሽ ልላት እፈልጋለሁ፤ የሚያነሣ ጉልበት የለኝም። ሞት ያስፈራኝ እንደዚያ ሰሞን የለም።

የቀጠሮው ቀን ደረሰና ራሔል ደግፋኝ ጅማ ሄድን። ደም ሰጠሁ። ዶክተሯ ወረቀቱን ይዛ ስትገባ ግንባሯ ተኮማትሯል።

«ጋሽ ማርቆስ፣ በደምዎ ውስጥ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን አለ። በጣም ወርዷል።»

«ወረደ?» አልኩ። ራሔል ከኋላዬ «ተመስገን ጌታዬ» አለች፤ እኔም «ተመስገን» አልኩ። ተያይተን ፈገግ አልን። ከጎደሬው ሁሉ በኋላ ይገባናል ብለን ነው።

ዶክተሯ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። «ለምንድን ነው ተመስገን የሚሉት?»

ራሔል ወንበሯን አስጠግታ በኩራት ነገረቻት። እንዴት እንቁላሉን እንዳቆመች፣ እንዴት ዶሮዎቹን እንዳባረረች፣ የጎረቤት መረቅ እንኳ እንዳላስነካችኝ። ሁሉንም በሚገባ ዘረዘረች። ዶክተሯ መሃል አልገባችም። ስትጨርስ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«እትዬ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ፕሮቲን አንድ አይደለም።»

ከዚያ እንዲህ ብላ አስረዳችን፤ እኔም እንደገባኝ እነግራችኋለሁ። ሰውነት ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ ከምግብ የሚመጣው ሰውነት እነሱን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። ሐኪሞች ከዕጢው ቁራጭ ወስደው ልዩ ቀለም ሲነክሩበት አንዳንዶቹ ፕሮቲኖች ቀለም ይዘው ይታያሉ። እነሱ ምልክቶች ናቸው፤ ዕጢው ከየት እንደመጣና ጠባዩ ምን ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማሉ። ኬሻ ላይ የሚጻፈው ምልክት ቡናው ከየት ወረዳ እንደመጣ እንደሚናገረው ማለት ነው፤ ምልክቱ ስለ ቡናው ይናገራል እንጂ ቡናውን አያበዛውም። እኔ ላይ በብዛት የታየው ደግሞ ካንሰሩ ከዚያው ከሳንባ የተነሣ መሆኑን የሚናገር ነበር። ይህ ምልክት ያለባቸው ሰዎች ከሌለባቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ የመኖር ዕድል ሲኖራቸው ይታያል።

«እኔ የዚያን ቀን የነገርኩዎት መልካም ዜና ነው» አለችኝ።

መልካም ዜና። መልካሙን ዜና ይዤ ቤቴ ገብቼ በረሃብ ቀጣሁት።

«ሁለተኛው ፕሮቲን» አለች፣ «ይህ አልቡሚን፣ ስለ ዕጢው አይደለም የሚናገረው፤ ስለ እርስዎ ነው። ሰውነትዎ ምን ያህል አቅም እንዳለው ይናገራል። እግርዎ ያበጠው እሱ ወርዶ ነው። በዚህ ደም ቀዶ ጥገና ቢደረግ ቁስሉ አይድንም። እንዲህ ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ከቀዶ ጥገና በኋላ የመትረፍ ዕድላቸው ያንሳል። ሐኪሞቹ አይቀበሉዎትም።»

«እንግዲህ?» አልኩ።

«ይብሉ። በደንብ ይብሉ። ግን ዕጢው ቆሞ አይጠብቀንም፤ ጊዜያችን አጭር ነው።»

ስንት ዓመት እኖራለሁ ብዬ ጠየቅኋት። «ነቢይ አይደለሁም ጋሽ ማርቆስ» አለችኝ። «ምልክት ፍንጭ ነው፣ ትንቢት አይደለም። አንዱ ፍንጭ ለእርስዎ ይናገራል፣ ሌላው ይቃወምዎታል። የሚቃወምዎትን ግን መለወጥ እንችላለን።»

ኮሪደር ላይ ወጥተን ተቀመጥን። ራሔል አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች። «የከለከልኩህ እኔ ነኝ» አለች። ወሬውን ያመጣሁት እኔ ነኝ አልኳት። አልሰማችኝም። «መረቁን ከአፍህ የመለስኩት እኔ ነኝ» አለች። በዚያ መሃል ዶክተሯ ከክፍሏ ወጣች፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ እያያት መጥታ ከራሔል አጠገብ ተቀመጠች። «ጥፋቱ የእኔም ነው» አለቻት። «ገባዎት ብዬ ጠየቅሁ እንጂ ምን ገባዎት ብዬ አልጠየቅሁም።» ከዚያ ተነሥታ ገባች። ብዙ ሐኪም አይቻለሁ፤ ይህን ያለ ግን እሷ ብቻ ናት።

ስንመለስ መኪናው ቦንጋ ላይ ቆመ። ራሔል ወረደች፤ ትታኝ የሄደች ሁሉ መስሎኝ ነበር። በፌስታል የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ተመለሰች፣ ሚጥሚጣም አለው። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ላጠችና ዘረጋችልኝ። «ብላ» አለች። በላሁ። ሁለተኛውን ላጠች። ሚዛን ተፈሪ እስክንደርስ አፌ እረፍት አላገኘም።

በማግስቱ ራሔል ወደ እትዬ ብርቄ ደጃፍ ሄደች። ምን ብላ እንደጀመረች አላውቅም፤ ይቅርታ መጠየቅ የማትወድ ሴት ናት። እትዬ ብርቄ «ዶሮዋ አለች፣ እናንተ ጾም እስክትፈቱ ስትጠብቅ ነበር» ብለው እየሳቁ ይዘው መጡ። መረቁን ስጠጣ እስክጨርስ ከፊቴ አልተነሡም። የራሔል ዶሮዎችም ከሸዋ ቤንች ተመለሱ። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ባቄላና ሽሮ፣ ማታ ወተት፤ ሥጋ የተገኘ ቀን ሥጋ። ልጆቹም አብረውኝ ወፈሩ። የጸሎት ቤት እህቶች የተመለሰባቸውን እንቁላል በዕጥፍ አመጡት፤ ሽማግሌዎቹም ቲቢ አለመሆኑን ሲሰሙ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ትንሽ ዘግይተዋል ብዬ ቀለድኩባቸው።

በየሳምንቱ መጋዘን ሄጄ ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ። መጀመሪያ ክብደቴ ጭራሽ ቀነሰና ደነገጥኩ፤ ኋላ እንደገባኝ የእግሬ እብጠት እየወረደ ነበር። ከዚያ መጨመር ጀመረ፣ ቀስ በቀስ። ወዛደሮቹ ቡና ሲመዘን እንደማደርገው ጮክ ብለው ንባቤን ያውጁ ነበር፤ አንዳንዱ ቀን እግሬን ደግፈው ሊያሳስቱኝ ይሞክራሉ፣ እኔ ግን ሚዛን የማውቅ ሰው ነኝ፣ እይዛቸዋለሁ።

ደሜ እንደገና ሲታይ አልቡሚኑ ሙሉ በሙሉ ባይሞላም ለቀዶ ጥገና የሚበቃ ሆኖ ነበር። ዕጢውም ከሳንባዬ ውጭ አልተሻገረም። አዲስ አበባ ሄጄ ከቀኝ ሳንባዬ አንዱ ክፍል ወጣ። ሰመመኑ ሲለቀኝ ጎኔ ላይ ቱቦ ተሰክቷል፣ መተንፈስ እንደ ቢላ ይወጋኝ ነበር፤ ራሔል ግን ማንኪያ ይዛ ቆማለች። ከዚያ የተረፈ ካለ እንዲያጠፋ ተብሎ የካንሰር መድኃኒት በደም ሥር ወሰድኩ። ጠጉሬ ረገፈ፣ ምላሴ ላይ ሁሉም ነገር ብረት ብረት አለኝ፣ ለጥቂት ጊዜ መኖሬን ጠላሁት። ይህንንም የምላችሁ እንዳትፈሩ ነው፤ ያልፋል።

አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ። ኬሻ አላነሣም፣ ብናኝ ባለበት አፍንጫዬን በደንብ እሸፍናለሁ፣ ዳገት ስወጣ አረፍ እላለሁ። እስካሁን በየቀጠሮው የሚነሣው ምስል ንጹሕ ነው። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ዶክተሯም አላውቅም ትላለች፣ እኔም በዚህ እወዳታለሁ።

ይህን ታሪክ እንዳልጽፍ የከለከለችኝ ራሔል ናት። በየቀጠሮው ሐኪሙ አንድ ነገር ሲናገር «የትኛው? የቱ ጋ ያለው?» እያለች ነፍሱን ታወጣለች፤ የጎደሬውን ነገር ግን ለሰው ማውራት አትፈልግም ነበር። ስሙ ሲነሣ ወደ ጓዳ ትገባለች። ቃል ስለገባሁላት ዝም አልኩ።

ባለፈው የቡና ወቅት ከቴፒ ቡና የሚያመጣልን አንድ ሰው መጋዘን ውስጥ ፊቱ ጠቁሮ አየሁትና ለምሳ ቤት ይዤው መጣሁ። እናቱ ሳንባቸውን ታመው ውጤት እንደመጣላቸው ነገረኝ። «ፕሮቲን ተገኝቶባቸዋል» አለኝ። «እንቁላሉንም፣ ባቄላውንም ሁሉንም አስቁመናቸዋል።»

ራሔል ጓዳ ሆና ሰምታለች። እጇ እንደራሰ ወጣች።

«አይብሉ ያለው ሐኪሙ ነው ወይስ እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን» አለ ሰውየው። «ሐኪሙማ ስለ ምግብ አላነሣም።»

«ደውልላቸው።»

ደወለና ስልኩን ተቀበለችው። «እማማ፣ ደህና ዋሉ? ዛሬ ምን በሉ?»

የሴትዮዋ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ተሰማኝ። «ጎደሬ ነዋ ልጄ።»

ራሔል ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እማማ፣ ያዳምጡኝ» አለች። «ባሌ እንደ እርስዎ ሳንባውን ታሞ ነበር። እኔ ፕሮቲን የሚባለው ነገር አንድ ብቻ መስሎኝ ጎደሬ ሳበላው ከረምኩ። በገዛ እጄ ልገድለው ነበር። ነገ ሐኪሙ ጋ ሄደው የትኛው ፕሮቲን ነው፣ ምን ልብላ ብለው ይጠይቁልኝ። እሱ እስካልከለከለዎት ድረስ ማንም አይከልክልዎት። እሺ? አሁን ልጅዎን እሰጥዎታለሁ፤ እንቁላል እንዲቀቅሉልዎት ለቤተሰቡ ይንገርልዎት።»

ስልኩን መለሰችለት። ሰውየው ወጥቶ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር እኔን ቀና ብላ አየችኝና «ጻፈው» አለችኝ።